ቶሎ የሚተኛው ይሻላል

በእጅ ስለሚያዙ የጌም ማጫወቻዎች የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ነገር ያወዳድራሉ። የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ስክሪኑ ይጠራል፣ የትኛው የድሮዎቹን ጌሞች ሳያንቀራፍፍ ያጫውታል እያሉ በቴሌግራም ሲሟገቱ ይውላሉ። ማርያማዊት ግን አዲስ ዕቃ እጇ ሲገባ መጀመሪያ የምትሞክረው አንድ ነገር ነው። ጨዋታው መሃል ላይ ማጥፊያውን ትነካና ምን ያህል ቶሎ እንደሚተኛ ታያለች። ቶሎ የሚተኛ፣ ሲቀሰቅሱትም ካቆመበት የሚነሣ ከሆነ ሸጋ ነው ትላለች። ካልሆነ የፈለገውን ያህል ቢያምር አይረባትም።

ጎንደር ፒያሳ ላይ የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው ዋኘው በከፈተው ግሩፕ ውስጥ ይህ አመሏ መቀለጃ ሆኗል። «የእንቅልፍ ኤክስፐርቷ መጣች» ይሏታል ልጆቹ። ይቀልዱ። አንዳቸውም የአልጋ ቁራኛ አባት አስታመው አያውቁም። እጃቸው ላይ ያለውን በቅጽበት ጥለው «አቤት አባባ!» እያሉ የሚሮጡ ሰዎች አይደሉም።

አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። በልጅነታቸው ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት መጥተው ጎንደር የቀሩ፣ ጸጉራቸው እስኪሸብት አቋቋም ያስተማሩ ሰው። ሁለት ዓመት አለፈው፤ በክረምት ከደብሩ ደረጃ ተንሸራትተው ዳሌያቸው ተሰበረና በዚያው አልጋ ላይ ቀሩ። ዓይናቸውም ደክሟል፤ ፊታቸው የተቀመጠ ሰው እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው። ጆሯቸው ግን፣ እግዜር ይመስገን ልበል ወይስ ምን ልበል፣ እንደ ድሮው ነው።

እናትየው ቀደም ብለው አርፈዋል። ታላቅ ወንድሟ ሙሉቀን አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው። ማርያማዊት ደግሞ በከተማው አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። «ነበረች» ስትባል አትወድም። «ፈቃድ ላይ ነኝ» ነው የምትለው። እውነቷን ነው፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥታለች፣ አንዴም ተራዝሞላታል። ከመተማና ከአርማጭሆ ቆላ የሚመጣውን የወባ ደም በማይክሮስኮፕ እያየች «አለው»፣ «የለውም» ስትል መዋልን የመሰለ ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበር። ጥቅምት ሲገባ ካልተመለሰች ግን ቦታዋን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡባት ቁርጡን ነግረዋታል።

የቤተሰቡ ስምምነት ይህ ነበር፤ መስቀል ሲያልፍ ሙሉቀን በአውሮፕላን መጥቶ አባቱን አዲስ አበባ ይወስዳል፣ እሷም ሥራዋን ትይዛለች። ሰው መቅጠር ተሞክሮ አልሆነም። መሪጌታ ገላቸውን ባዕድ እንዲነካው አይፈቅዱም። አንድ ዲያቆን ጥቂት ወር ረድቷት ነበር፤ እሱም ትምህርቱ ጠራውና ሄደ። እናም ማርያማዊት መስቀልን ትጠብቃለች፤ እስረኛ አመክሮውን እንደሚጠብቅ።

እስከዚያ ድረስ የሚያኖራት ጥቁሩ ነው። ጥቁሩ ማለት በመጀመሪያ ደመወዟ ማራኪ ሰፈር ከሚኖር አንድ ተማሪ የገዛችው ያገለገለ የእጅ ጌም ማጫወቻ፣ ፒኤስፒ ነው። ከፋብሪካ የመጣበትን ፕሮግራም አውጥተው፣ የጌም ወዳጆች በየቤታቸው የጻፉትን ጭነውበታል። ሆምብሩ ይሉታል፤ እንደ ቤት ጠላ በሉት፣ ፋብሪካ የማያውቀው ጠመቃ ነው። በዚህ የተነሣ እሷ ሳትወለድ የወጡ ጌሞችን ሁሉ ያጫውታል። ከሁሉ የምትወደው አንድ ትንሽ ሰውዬ ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድበትን ነው። ጫካ ያልፋል፣ ወንዝ ይዘላል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሷ ከአልጋው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ እሱን ታስኬደዋለች። አባቷ ሲጠሩ ማጥፊያውን ወደ ላይ ገፋ ታደርጋለች፤ ይተኛል። ትራሱን አስተካክላ፣ ውኃውን አጠጥታ፣ ሬዲዮውን ቀይራ ስትመለስ ሰውዬው አንድ እግሩን አንሥቶ እንደቆመ ይጠብቃታል።

አንድ ነውር አለው፤ ቁልፎቹ ይጮኻሉ። ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ፍቅረ ማርያም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና በመስቀላቸው ባረኳት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። አባትሽ ሁሉን ነግረውኛል» አሏት።

«ምን ነገሩዎት አባ?»

«ከእጅሽ መቁጠሪያ አይለይም አሉኝ እኮ። ቀኑን ሙሉ ስትቆጥሪ ነው የምሰማት አሉኝ። በዚህ ዘመን! ለደብሩ ሰው ሁሉ አወራሁላቸው።»

ጥቁሩ በሹራቧ ኪስ ውስጥ ገና እንደሞቀ ነበር። ማርያማዊት ፊቷ ጋለ። «ኧረ አባ፣ እሱ እኮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ምን ትበል? የመሪጌታ ልጅ የሕፃን መጫወቻ ይዛ ትውላለች ትበል? ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ዝም ማለቱ ደግሞ ጥቅም ነበረው፤ ይህን ከመናገር አልሸሽግም። ቀጭ ቀጩ በተሰማ ቁጥር መሪጌታ አይጠሩም። «ጸሎት ላይ ናት» እያሉ ጥማቸውን ይዘው ይቆያሉ። ዝም ሲል ነው «ማርዬ» የሚሉት። እሷም ይህን ካወቀች ወዲህ፣ እያፈረች ቢሆንም፣ አንዳንዴ የማይጠቅም ቁልፍ ትጫናለች። በቀን አንድ ሰዓት የራሷ የሆነ ነገር አገኘች። የታሰረ ሰው በትንሽ ነገር ይደሰታል።

ነሐሴ ላይ ዋኘው አንድ ነጭ ማጫወቻ ላከላት። ፋብሪካው የት እንዳለ የማይታወቅ የቻይና ሥሪት ነው፤ ስክሪኑ እንደ መስታወት፣ ውስጡ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ የማይጨርሰው ጌም የታጨቀበት። «ሞክሪውና ከጥቁሩ ጋር አወዳድረሽ ጻፊ፤ አንቺ ካልሽ ይገዙኛል» አላት። እሷም ደስ ብሏት ጀመረች። ሥዕሉ ያምራል፣ አይንቀራፈፍም፣ መተኛቱም ክፉ አይደለም። ቁልፎቹ ጎማ ናቸው፤ ምንም ድምፅ የላቸውም።

በዚያ ቀን መሪጌታ እፎይታ አልሰጧትም። ውኃ። ብርድ ልብሱ። ማን ነው በሩ ላይ? መስኮቱ። በመጨረሻ አዝነው፣ «ምነው ማርዬ፣ ዛሬስ ጸሎት የለም?» አሏት።

ለግሩፑ የጻፈችው ፍርድ አጭር ነው፦ «ነጩ በሁሉም ይበልጣል። ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ለእኔ አይሆንም።» ልጆቹ ሳቁ። ድምፅ የሌለው ቁልፍ እኮ ጥሩ ነገር ነው ብለው አስተማሯት። እሷም ነጩን ለዋኘው መለሰችለት።

መስቀል አለፈ። በማግስቱ ሙሉቀን ደወለ። እሷ ሻንጣ አውጥታ የአባቷን ልብስ ማጠፍ ጀምራ ነበር።

«የስንት ሰዓቱን በረራ ያዝክ? አዘዞ አየር ማረፊያ ድረስ መኪና ይዤ ልምጣ?» አለችው።

ጥያቄዋን አልፎ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማርዬ፣ አባባ ሁሉን ነግረውኛል» አላት።

ይህችን አረፍተ ነገር ከዚህ ቀደም ሰምታታለች። ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

«ልወስድዎት ነው ስላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ልጄ ገዳሟን እዚሁ ቤቷ ውስጥ አግኝታለች፣ አታናውጣት አሉኝ። እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር። ሥራው ሥራው ስትዪ የምር መስሎኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ የኛም ቤት አይመችም፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም...»

«ሙሌ፣ ጌም ነው!»

«ምኑ?»

«መቁጠሪያ የተባለው። ጌም ስጫወት ነው የሚሰሙት። ቁልፉ ነው የሚጮኸው። ጸሎት ከየት አምጥቼ! እኔ ሥራዬን ነው የምፈልገው።»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቀ። በመጨረሻ ይህን ቃል ሰጣት፦ «አባባ ራሳቸው ‹አዎ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ና ውሰደኝ› ይበሉኝ። በዚያው ቀን ትኬት እቆርጣለሁ። ከሳቸው አፍ ልስማው።»

ስለዚህ መናገር ግድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነበር። መሪጌታ ምሳቸውን በልተው ትራስ ተደግፈዋል። ማርያማዊት ዱካዋን አስጠግታ ተቀመጠችና ጥቁሩን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው?»

«መጫወቻ ነው አባባ። ጌም። እስካሁን ጸሎት የመሰለዎት ይሄ ነው። ማታለሌ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ጥቅምት ሳይገባ ሥራ መመለስ አለብኝ። ሙሉቀን የማይመጣው እርስዎ ስላሉት ነው።»

አዛውንቱ በጣታቸው ዳሰሱት። አንዱን ቁልፍ ተጫኑት፤ ቀጭ አለ። ፊታቸው ላይ መደንገጥም መቆጣትም አልታየም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ምት ሳስተምር ኖሬ፣ የመቁጠሪያን ምት ከሌላው የማልለይ መሰለሽ? ‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ› የሚል ሰው እንዲህ አይጣደፍም። አንዳንዴ እኮ ከበሮ ያስመኘኝ ነበር።»

ማርያማዊት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። አባቷ አውቀው ኖሯል! ሁለት ዓመት የከበዳት ነገር በአንዴ ወረደላት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «በሉ እንግዲያው ለሙሉቀን ይንገሩልኝ። አሁኑኑ ልደውል?» አለች።

ጥቁሩን ብርድ ልብሱ ላይ አኑረው፣ «ደውዪ» አሉ።

ደውላ ስፒከሩን ከፈተችና ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዘችላቸው። ሙሉቀን፣ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ማርያማዊት ጸሎት አይደለም፣ ጨዋታ ነው ትላለች እኮ። እውነት ነው?» አለ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ማስተማር ሲጀምሩ የሚያደርጉት ነው።

«ልጄ፣ ጸሎቱን የሚሸሽግ ሰው ነው የሚጸልይ። ለእኔም እንዲሁ አለችኝ። ውዳሴ ከንቱ ፈርታ ነው። ተዋት።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ሙሉቀን፤ እፎይታው ጎንደር ድረስ ተሰማ። «ማርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ወር በወር የምልከውን ጨምሬ እልካለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ማርያማዊት እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ከእንግዲህ ለማን ትናገር? ለቄስ ፍቅረ ማርያም? አይደለሁም ባለች ቁጥር ቅድስናዋ ይጨምራል። ሰው ኃጢአቱን ተናግሮ የማይታመንበት ቤት ከወኅኒ ይብሳል።

«አሁን አውቃለሁ አላሉኝም?» አለች።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፈራሁ» አሉ መሪጌታ። ዓይናቸው ጣራው ላይ ነበር። «እዚያ ፎቅ ላይ ቢያወጡኝ ማን ያውቀኛል? እዚህ ብሞት ያስተማርኳቸው ልጆች ቆመው ይሸኙኛል። እዚያ ግን የማን አባት ነው ይሉኛል። ሰልችቷታል ብዬ ቢሆን ኖሮ እኔን ይወስዱኝ፣ አንቺም ትሄጂ ነበር። ጸሎት ነው ስል ግን ሁሉም ተወሽ። ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። ፈራሁ ልጄ።»

«እኔስ አባባ? እኔን ማን ያውቀኛል?»

መሪጌታ ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

ተነሣች። ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ ነጥቃ ወጣች። የግቢውን በር ከፍታ መንገዱ ላይ ቆመች። ባጃጆች ወደ ፒያሳ ይወርዳሉ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ገቢ ነሽ?» አላት። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ገብታ «ሰኞ እጀምራለሁ» ብትል ማን ይከለክላታል? ማንም። ተናደደች፣ በጣም ተናደደች። በአባቷ፣ በወንድሟ፣ በደብሩ ሰው ሁሉ። ከኋላዋ «ማርዬ» የሚል ድምፅ ጠበቀች፤ ቢጠሩ ላትመልስ ቆርጣለች። አልጠሩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሊጠሩ ሲገባ አልጠሩም።

ባጃጁ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

ስትመለስ መሪጌታ እንደተወቻቸው ነበሩ፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። ጀርባቸው እንዳይቆስል ወደ ግራ ጎናቸው የሚገላበጡበት ሰዓት አልፎ ነበር። ነጠላዋን አወለቀች። አንድ እጇን ከትከሻቸው ሥር፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ገለበጠቻቸው፤ ልብሳቸውን ገልጣም ጀርባቸውን አየች። ሁለት ዓመት የተኛ ሰው ጀርባ አንዲት ቁስል የለበትም፤ እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው። ኮራች። በመኩራቷ ደግሞ አለቀሰች።