ከወደቅክ አትነሣ

ኒካኖር አርቤሎአ ፀጉሩ የሸበተው ከኮርማ ኋላ ሲሮጥ ነው። ነሐሴ ላይ የአርቤሳ ከተማ ንግሥ ሲደርስ ጎረምሳው ሁሉ በበዓሉ ቀናት በየጠዋቱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ቀይ መሐረብ አንገቱ ላይ አስሮ ከኮርማ ፊት ይሮጣል። ከኋላ የሚሮጡት ግን ጥቂት ናቸው፤ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሱ፣ ረጅም ሽመል የያዙ እረኞች። ኮርማዎቹ ከበረት ወጥተው የፍልሚያው ሜዳ እስኪገቡ ድረስ ወደ ኋላ እንዳይዞሩ ይነዳሉ፤ ጅራት የሚጎትት ሰካራም ሲያገኙ ጀርባውን ሽመል ያቀምሱታል፤ የወደቀውን "አትነሣ" ይሉታል። ከፊት የሚሮጠው ፎቶ ይነሣል። ለእረኛው የሚተርፈው እበትና ስድብ ነው።

የቀረውን ዓመት ኒካኖር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግጦሽ የአንድ ባለጸጋ ከብት ይጠብቃል። አባቱም በዚያው ሥራ ነው ያረጀው። ኮርማ ሲቆጣና ሲፈራ ከጆሮው አስተያየት ይለይ ነበር። የቀኝ ጉልበቱ ግን ግራ ያጋባው ጀመር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረጃ ሲወርድ ድንገት ይከዳዋል። ለሚስቱ ለፑይ ትንፍሽ አላለም። እሷም ምንም ሳትጠይቅ ማሻሻ ቅባት ገዝታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችለት።

የዚያን ዓመት የላይኛውን ክፍል የተከራየው ከኡራጓይ የመጣ መንገደኛ ነበር። ወፈር ያለ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ስሙ ዋሽንግተን የሚባል ሰው።

"ይኼ የከተማ ስም አይደለም እንዴ?" አለው ኒካኖር።

"እኛ አገር ተራ ስም ነው፣ ዶን ኒካኖር። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ዋሽንግተንም አለ።"

"እንግዲያው ሊንከንም አይጠፋም።"

"ሊንከን መካኒካችን ነው።"

ኒካኖር ሰውየውን ወደደው። ስለዚህ በንግሡ ዋዜማ ምሳ ላይ ዋሽንግተን "ነገ ልሮጥ ነው" ሲል ዳቦውን አፉ ሳያደርስ ቀረ።

"ምን አሳበደህ?"

"ሃያ ዓመት አንድ መስመር ተመላለስኩ። ተሳፋሪው ገና ሲወጣ የት እንደሚወርድ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ መነሣት አማረኝ።"

"የሚመጣውማ ይታወቃል" አለች ፑይ ሾርባ እየጨለፈች። "ቀንድ ነው።"

ኒካኖር አልሳቀም። ወንበሩን አስጠጋ። "በል ስማኝ። መታጠፊያው ላይ አትቁም፤ ድንጋዩ ኮርማዎቹን ያንሸራትታቸዋል። የሚገፋህን አትግፋ። ከሁሉም በላይ፣ ከወደቅክ አትነሣ። እጅህን ጭንቅላትህ ላይ አድርገህ መሬት ላይ ተለጠፍ። ኮርማ የሚወጋው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ሬሳ ሁን።"

"እስከ መቼ?"

"ትከሻህን ሰው እስኪነካህ።"

"ብፈራስ?"

"ካልፈራህማ እኔው ራሴ እግርህን ሰብሬ አስቀርሃለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ታጥቦ ድንጋዩ ገና አልደረቀም። ፑይ ከመታጠፊያው በላይ ባለው የእህቷ ሰገነት ላይ ቆማለች። እንደ ልማዷ የኒካኖርን ስም አልጠራችም፤ ሽመሉን ጨብጦ ከበረቱ በር ሲቆም ከሩቅ አየችው፣ አማተበች። ርችቱ ተተኮሰ። በሩ ተከፈተ። ኮርማዎቹ ከለማዶቹ መሪ በሬዎች ጋር ተጣብቀው እንደ ጎርፍ ወጡ፤ መሬቱ ከኒካኖር እግር በታች ተንቀጠቀጠ።

አብረው የሄዱ ኮርማዎች እርስ በርስ ስለሚከታተሉ ሰውን ብዙም አያዩም። የሚያስፈራው ብቻውን የቀረው ነው። መታጠፊያው ላይ አንዱ ቀይ ኮርማ እግሩ ተንሸራተተና በጎኑ የመንገዱን የእንጨት አጥር መታው። እንጨቱ ጮኸ። መንጋው አለፈ። ቀዩ ተነሥቶ ራሱን ነቀነቀና ጓደኞቹን ሲያጣ ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ።

ሰዉ በአጥሩ ላይ ተንጠላጠለ። ሲሸሹ የተጋጩ ሁለት ጎረምሶች ሌላ ሰው ጥለው አለፉ። ከኋላ ሮጦ የደረሰው ኒካኖር የወደቀውን አየ፤ ዋሽንግተን ነበር። እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ በሆዱ ተኝቷል፤ ንቅንቅ አይልም። ኮርማው ቀርቦ አሸተተው። ቀንዱ ነጩን ሸሚዝ ነካ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ነካ።

"ጎበዝ" አለ ኒካኖር በልቡ። "ጎበዝ፣ እንደዚያው ቆይ።"

ሽመሉን ድንጋዩ ላይ አንኳኳና ጠራው። ኮርማው ቀና አለ። ኒካኖር ደግሞ አንኳኳ። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ሲቀኑ ሊመጣ መሆኑን አወቀ፤ መጣም። ኒካኖር ሺህ ጊዜ እንዳደረገው ወደ ጎን ሊል ቀኝ እግሩን አሳረፈ። ጉልበቱ ከዳው። ትከሻው መሬት ሲመታ ሽመሉ ከእጁ ተስፈንጥሮ ሄደ። ኮርማው በላዩ አለፈና ጥቂት ርቆ ዞረ።

ኒካኖር የወደቀው ከዋሽንግተን ጎን ነበር። ስንቱን ሰው "አትነሣ" ብሎ ያዳነ ሰው፣ አሁን መዳፎቹ ድንጋዩን ሲገፉ ተሰማው። አላዘዛቸውም። ኮርማው እያየው ነው፤ እሱ ደግሞ እየተነሣ ነው፤ አንድ ጉልበቱን አጥፎ ወገቡን ቀና አድርጓል። ያን ጊዜ አንድ እጅ ቀበቶውን ያዘና ወደ ታች ሳበው።

"ሬሳ ይሁኑ፣ ዶን ኒካኖር" አለ ዋሽንግተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኒካኖር በከፊል እሱ ላይ ወደቀ። ፊቱን ሰውየው ጀርባ ላይ ቀበረና ትንፋሹን ዋጠ። ኮርማው ደረሰ። ሙቅ ትንፋሹ ማጅራቱን መታው፤ ምራቅ ጆሮው ላይ ተንጠባጠበ። ቀንዱ በመካከላቸው ገብቶ ወጣ። ዋሽንግተን በጥርሱ ውስጥ አቃሰተ፣ ቀበቶውን ግን አልለቀቀም።

ከዚያ ቃጭል ተሰማ። የቀረውን ኮርማ ለመሰብሰብ ከኋላ የሚለቀቁት በሬዎች ነበሩ፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ረጋ ብለው መጡ። ቀዩ ሰማቸው። አሸተታቸው። ሲያልፉ ተከተላቸው።

ትከሻውን የነካው ሌላው እረኛ ኦቾአ ነበር። ኒካኖር ተነሥቶ ራሱን ዳሰሰ፤ ከመላላጥ በቀር አልተነካም። የዋሽንግተን ክንድ ግን፣ ቀበቶውን የያዘበት፣ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ተተልትሎ ነበር። እዚያው ቁስሉን አስረው ወደ ሐኪም ወሰዱት፤ ተሰፋለት።

ምሳ ሳይደርስ ከተማው ወሬውን ጨርሶ ሠርቶት ነበር። አጥሩ ላይ የተንጠላጠለው ሁሉ ያየው እረኛው በእንግዳው ላይ ተኝቶ ነው። "በገላው ከለለው" ተባለ። መጠጥ ቤት ውስጥ ወይን ጠጅ ቀዱለት፣ ትከሻውን መቱት። ኒካኖር ጠጣ እንጂ አልተናገረም።

ቤት ሲገባ ዋሽንግተን ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንግቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። ፑይ በቲማቲም የሠራችውን የአሳማ ሥጋ አቀረበች። የመጀመሪያውን ሳህን፣ ትልቁን፣ እንግዳው ፊት አኖረችው፤ ሥጋውንም ቆራርጣለት ነበር።

"መጠጥ ቤት ምን ይላሉ?" አለች።

"ያው፣ የሚሉትን ነዋ።"

"እኔ ከላይ ነበርኩ፣ ኒካኖር። ማን ማንን እንደያዘ አይቻለሁ።"

ዋሽንግተን በደህና እጁ ሹካውን ሲያገላብጥ ቆየ። "እኔ እንኳ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፣ ዶኛ ፑይ። ፍሬን የያዝኩ ነው የመሰለኝ።"

ኒካኖር ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ነገ አልሮጥም" አለ። "ጉልበቴ አብቅቷል።"

ፑይ ዳቦ ላምጣ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ኒካኖር መጠጥ ቤቱ ተመልሶ ገባና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። "ጠዋት ያልተናገርኩት አለ" አለ። "ልነሣ ነበር። እንደ ጀማሪ ልነሣ ነበር። የያዘኝ እንግዳው ነው፤ ክንዱ የተተለተለውም በእኔ ምክንያት ነው።"

ሰዎቹ ተያዩ። ኦቾአ በፍቅር ራሱን ነቀነቀ።

"አየህልኝ ይኼን ሰው" አለ አሳላፊውን። "ይኼን ሁሉ ሠርቶ ምስጋናውን ለእንግዳ ይሰጣል። ቅዳለት፣ በእኔ ይሁን።"