የአስካለን ፕላስቲክ ያበላሸሁት አውቄ ነው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በጾም ቅቤ መብላቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ በሥራ ሰዓት መኪና ውስጥ መተኛቴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ሰው ገድዬ ቢሆን ምናልባት ጎምለል ብዬ እናገረው ነበር። እኔ ያደረግኩት ግን ትንሽ፣ ቆሻሻ፣ የሚያስቅ ነገር ነው። የሚስቴን የጥርስ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። ሳቁ እንግዲህ። ሳቃችሁ ሲያልቅ ስሙኝ።

ሚስቴ አስካለ ትባላለች። የምንኖረው በሰው አገር፣ ስቶን ማውንቴን በምትባል ከተማ ነው፤ እሷ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትንከባከባለች። የፊት ጥርሶቿ አንዱ ባንዱ ላይ የወጡ ስለሆኑ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች። እኔ ይህን ጨዋነት እለው ነበር። ምን ጨዋነት ነው? አፍራ ነው። እኔ ግን ተመቸኝ። ሚስቱ በሰው ፊት የማትስቅ ባል ተኝቶ ያድራል።

አንድ ቀን ጥርሷን ልታስተካክል መሆኑን ነገረችኝ። ሽቦ አይደለም፤ አላይነር የሚሉት ነው። እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ በጥርሷ ልክ የተቀረጸ ስስ ፕላስቲክ፣ አንድ ለላይ አንድ ለታች። በየጊዜው በአዲስ ይቀየራል፤ እያንዳንዱ ጥርሱን ትንሽ ትንሽ ይገፋዋል። ከምግብ ሰዓት በቀር ከአፍ አይወጣም።

አያያዙን ብታዩ። በቀዝቃዛ ውሃ ታለቀልቀዋለች፣ ለሱ ብቻ በተገዛ ለስላሳ ብሩሽ ታሸዋለች። የጥርስ ሳሙና አይነካውም፤ ይቧጭረዋል አሉ። አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ የሚንተከተክ ክኒን ጥላ ትዘፈዝፈዋለች። ሻይ ልትጠጣ ከሆነ ታወጣዋለች፤ ጠጥታ፣ ተጉመጥምጣ፣ ጥርሷን ቦርሻ ትመልሰዋለች። ማኅደርም አለው፣ እንደ ዳዊት። እኔ በር ላይ ተደግፌ እያየሁ፣ ለፕላስቲክ ይህን ያህል ካጎነበስሽ ለታቦት ምን ልታደርጊ ነው እላት ነበር።

ማኅበር ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሴቶቹ ጉርሻ ሲዘረጉላት አንዴ ቆዩኝ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች፤ ጉርሻው አየር ላይ ይቀራል። በእኛ ዘንድ የተዘረጋ ጉርሻ ማስጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲያሟት ሰማሁ። እንጀራዬን ጠቀለልኩ። ከወንዶቹ ደግሞ በላቸው የሚባለው፣ የገዛ ጥርሱን ጫት የጨረሰው ሰውዬ፣ ወደኔ ዞሮ፣

"ስማ እንጂ ወንድሜ፣ ሚስትህን ለማን ነው የምታሳምራት?" አለኝ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ንገሩኝ፣ ጥርስ የሌለው ሰው ስለ ጥርስ የተናገረው ነገር እንዴት ልብ ውስጥ ይገባል? እኔ ልቤ ውስጥ ግን ገባ። አስካለ ያን ሰሞን እጇን ሳታነሳ መሳቅ ጀምራለች። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር በስልክ ስታወራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሊፕስቲክ ገዛች። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ያንን ሳቅ እንደ ሰላይ አዳምጣለሁ። ለኔ ለምን አትስቅም እላለሁ በሆዴ። አንድም ቀን የሚያስቅ ነገር ነግሬያት እንደማላውቅ ግን አላሰብኩም።

አሁን ስለ ፊደል ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሥራዬ ክፋት አይታያችሁም። እኔ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ሱዳን ስደተኛ ሳለሁ ስሜን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ነበር። ሀሁ ያስቆጠረችኝ አስካለ ናት፤ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እሷ ከሥራ ደክማ ገብታ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትቆጣኝ። ከዚያ ለአዋቂዎች በሚሰጥ ትምህርት እንግሊዝኛውንም ጀመርኩ፤ ቀስ እያልኩ ማንበብ ቻልኩ። ለእሷ ግን "እንግሊዝኛው ከጭንቅላቴ አልገባ አለ፣ ተውኩት" አልኳት። ለምን? የማያነብ ሰው ብዙ ነገር አይጠየቅማ። ፎርም የሚሞላ፣ ኢንሹራንስ ጋ የሚደውል፣ የመጣውን ደብዳቤ የሚመልስ ሌላ ሰው ነው። መሃይምነቴን እንደ ጋቢ ተከናንቤው እተኛበት ነበር።

ቀኑ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በላን። አስካለ ፕላስቲኩን ኩባያ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ ሻወር ገባች። እኔ ለሻይ ውሃ ጥጃለሁ። ክሊኒኩ የሰጣት የአያያዝ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ወረቀት እሱ ነው። ሙቅ ውሃ አታስነኩት፣ ቅርጹን ያጣል ይላል። ገባኝ። ስለገባኝም ደስ አለኝ፤ ይህንንም ቁጠሩብኝ። ከዚያ ውሃው እስኪፈላ ጠበቅኩ። ቀዝቃዛውን ደፋሁ፣ የፈላውን ሞላሁበት። ፕላስቲኩ ተኮማተረ፣ ተጣመመ፣ ደፈረሰ። ሌላ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥ ነበር። እኔ ሻዬን ቀዳሁ።

ስትወጣ፣ በደንብ እንዲጸዳልሽ ብዬ ነው፣ የፈላ ውሃ ጀርም ይገድላል አልኳት። ተንኮሌን አያችሁት? በእኛ ቤት የፈላ ነገር ንጹሕ ነው። ጡጦ ይቀቀላል፣ በእኛ ጊዜ መርፌም ይቀቀል ነበር። ማን ይጠረጥረኛል? አስካለ ኩባያውን ይዛ ቆመች።

"ወረቀቱ ላይ አለ እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ምኑን አውቄ? መሃይም አይደለሁ?"

ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ያስከፋችኝ መሰላት። የኔ ጥፋት ነው፣ በአማርኛ ጽፌ መለጠፍ ነበረብኝ አለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ፣ እኔን።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን እየጣለች ስለነበር እስኪተካላት ጥርሷ ላይ የምታደርገው ሌላ አልነበራትም። ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። የሐኪሙ ረዳት፣ አንዲት ልጅ እግር ፈረንጅ፣ ይህ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀች። አስካለ አንዴ አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ "እኔ ነኝ፣ ሳላስብ ቀቀልኩት" አለች። ልጅቱ ያንኑ ወረቀት አወጣች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ መስመር በመስመር በጣቷ እያሳየች አነበበችላት። ለአስካለ፣ ስንቱን በሽተኛ መድኃኒት ለምታስውጠው ሴት። አስካለ የስ፣ የስ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ አላልኩም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሚስቁ ሰዎች ፎቶ አይ ነበር።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ እጄን ያዘችኝና፣ "አይዞህ፣ አልነገርኳትም" አለችኝ።

ምትኩ እስኪመጣ ጥርሶቿ ወደ ኋላ መመለስ ጀምረው ነበር፤ ሲመጣ አልገጠመም። ሐኪሙ እንደገና ተለክታ ከመጀመሪያው ትጀምር አለ። አስካለ ያቺ ልጅ ፊት ዳግመኛ መቀመጥ አልቻለችም። በቃኝ አለች፤ በቃ። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ማኅበር ታሪኩን ቀልድ አድርጌ አወራሁት። ጥርሷን ከሻይ ጋር ጣድኩት አልኩ። በላቸው በሳቅ ሞተ፣ ትከሻዬን መታ። አስካለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ቅናት ነው እንዳልል፣ የምቀናበት ሰው አልነበረም። አለማወቅ ነው እንዳልል፣ አንብቤዋለሁ። በላቸው ነው እንዳልል፣ የበላቸው ምላስ ማንቆርቆሪያ አያነሳም። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ስትሰደብልኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ አስካለ ታነበዋለች፤ ጨርሼ የምሰጠው ለእሷ ነው። አውቃታለሁ፣ ይቅር ለማለት ትቸኩላለች። ግን ይቅር የምትለው ያንን ምንም የማያውቅ ምስኪን ባሏን ከሆነ፣ እሱ የለም። ለእሷ ብዬ የፈጠርኩት ሰው ነው። ከእሷ ጋር የኖረው ወረቀቱን ያነበበው ነው፤ እሱን ገና አላየችውም። ስለዚህ ይቅር በይኝ አልላትም። መጀመሪያ ትየኝ።