ጽዋ ያሻገረች ጀልባ

ይህ ለመጻፍ የሚበቃ ታሪክ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ትልቅ ሰው የሚባልም አላለፈበትም። ያለው አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ከኋላዋ የሚታሰር ትንሽ ሞተርና ወንዝ ለሁለት የከፈላቸው ጥቂት ገበሬዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ባወራሁላቸው ጊዜ አንዷ፣ «ፍኖተ ሰላም ደግሞ ምን ጀልባ አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኛም ጀልባ የምናውቅ ሰዎች አልነበርንም። ቢሆንም ክረምት በመጣ ቁጥር የምትናፍቀኝ እሷ ናትና እንደማስታውሰው ልጻፈው።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወረድ ብሎ፣ ብር ወንዝ አጠገብ ነው። አባቴ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚጠጣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለው። ማኅበርተኞቹ ግማሾቹ በእኛ በኩል፣ ግማሾቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ድግሱ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል። በየወሩ ድግሱ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከብና ቄሱና ሽማግሌዎቹ አጅበውት ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በበጋ ወንዙን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን። ክረምት ሲገባ ግን ብር ይሞላል፤ ድልድዩ ያለው በዋናው መንገድ ላይ፣ ከእኛ በጣም ርቆ ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ጽዋው በእኛ በኩል ብቻ ይዞር ነበር። የማዶዎቹ ተራ ይዘለላል።

የአባቴ የልብ ባልንጀራ የሚኖሩት ማዶ ነው። እኔ አያ እላቸዋለሁ። አባታቸው ከአገው ምድር መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። አያ ፈረስ ያውቃሉ፣ ቀልድ ያውቃሉ፤ ሲከፋቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንድ ሰኔ ሚካኤል፣ ወንዙ ገና ሊሞላ ሲል፣ ቤታችን ማኅበሩ እየተጠጣ ሳለ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለከርሞ እኛ ማዶዎቹ የራሳችንን ጽዋ ብንጀምር ይሻላል መሰል» አሉ። አባቴ ጠላ ቀዳላቸው።

ማታ እናቴ፣ «ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ምን ልበል? እውነት አለው። በዝናብ ጊዜ ወንድም የማይሆን ወንድም ምን ያደርግለታል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማኅበሩ እንዳይከፈል፣ ባልንጀራው እንዳይለዩት። መስቀል አልፎ እህሉ ሲገባ፣ በርበሬውም ሲሸጥ፣ «ጀልባ እንግዛ» ብሎ ማኅበርተኛውን ሁሉ አዳረሰ። የማዶዎቹ ሳይቀሩ አዋጡ። አያም አዋጡ፤ ግን፣ «ጀልባህ በክረምት ጽዋ ካሻገረች አብረን ነን። ካላሻገረች የራሳችንን እንጀምራለን» ብለው ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት።

ለመግዛት ባሕር ዳር የሄድነው አባቴ፣ አያና እኔ ነበርን። እኔ የተወሰድኩት ሞተሩ ላይ የተጻፈውን እንዳነብ ነው። ሐይቁ ዳር መጀመሪያ ያየነው የደንገል ታንኳ ነበር። አባቴ ወደዳት፤ ቀላል ናት። ባለቤቱ ግን፣ «ሞተር አትሸከምም፣ ውሃም እየጠጣች ትከብዳለች» ብሎ እውነቱን ነገረን። የእንጨቷ ጀልባ ጠንካራ ነበረች፤ ግን እሷን ከወንዝ ለማውጣት የሠርግ ያህል ሰው መጥራት ያስፈልጋል። የእኛ ወንዝ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደጋ ላይ ከዘነበ ዳር ላይ የተተወውን ሁሉ ይዞ ስለሚሄድ ጀልባ በየቀኑ መውጣት አለባት። የፕላስቲኳ አምራ ነበር፤ አያ በጣታቸው አንኳኩዋትና፣ «ይቺ ለድንጋይ አትሆንም» አሉ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ የተገለበጠች የአሉሚኒየም ጀልባ አየን። ሆዷ ዝርግ ነው፤ ቀኝ ጎኗ ተሰርጉዷል። ሻጩ፣ «ስትመታ ትሰረጉዳለች እንጂ አትሰነጠቅም» አለ። አራት ሰው ትከሻ ላይ እንደ ቃሬዛ ትወጣለች። አባቴ ዙሪያዋን ዞሮ ተመለከታትና፣ «ውሃ አምጡልኝ» አለ።

«ለመጠጥ?»

«ለጀልባዋ። እንስራ ሲገዛ ውሃ ተሞልቶ አይደል የሚታይ?»

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። እኛ ግን በባልዲ እየቀዳን ሆዷን ሞላነውና ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ ሁለት ቦታ ላይ፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ጋር በተያያዘበት ምስማር ሥር ውሃ መንጠብ ጀመረ። ሻጩ ሳቁን አቆመ። አባቴ ግን ደስ አለው፤ «ጉድለቷን ካወቅሁ ትበቃኛለች» አለ።

ሞተር ሁለት ነበር፤ አንዱ አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት፣ አንዱ ስምንት። ያንን ሳነብላቸው አያ ተቆጡ።

«ስምንት ፈረስ ብቻ? እኛ ዘንድ ሙሽራ እንኳ ከዚያ በላይ ያስከትላል!»

«አያ፣ ትልቁ ይከብዳል፤ ብቻውን የሚያነሳው ሰው የለም።»

«ፈረስ በቁጥር አይገዛም ማለትሽ ነው። እሺ፣ እስቲ ትንፋሹን እንስማ።»

ሻጩ ትንሹን ሞተር ውሃ በሞላ በርሜል ላይ አስሮ አስነሳው። አያ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ሲሞቅ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መትፋት ጀመረ፤ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መሆኑን ከሞተሩ ጋር ካለው መመሪያ ላይ አንብቤ ነገርኳቸው። አያ ግን ቀድመው ፈርደው ነበር፤ «ሸና! ጤነኛ ነው፣ ጫኑት!»

ጀልባዋን በአይሱዙ ጭነን በቲሊሊ በኩል ወደ ቡሬ ስንወርድ ሰው ሁሉ የከብት ማጠጫ ገንዳ እየመሰለው ስንት እንደምንሸጣት ይጠይቀን ነበር። ቡሬ አንድ ብየዳ ቤት አወረድናት። ብየዳ ሠሪው የሚያንጠባጥቡትን ቦታዎች ደፈነ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ዝቅ ያለ ስለነበር ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ሽክርክሪት፣ በጣም ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ በእኛ ወንዝ ድንጋይ ይመታል። ስለዚህ በላዩ የዋንዛ ጣውላ ጨምሮ ከፍ አደረገው፤ ለፕሮፔለሩም የብረት አጥር ሠራለት። መቀመጫዎቹን አባቴ ራሱ ከዋንዛ ጠረባቸው። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፤ ልኩን እኔ ከመመሪያው አነበብኩ፣ እናቴ የአረቄ መለኪያ ሰጠችን፣ ከዚያ ወዲህ ያ መለኪያ አረቄ ሳያይ ቀረ። እናቴ ጀልባዋን መጀመሪያ ስታያት በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ፣ «ይህን ሁሉ አገር ዞራችሁ ድስት ገዝታችሁ መጣችሁ?» ብላ ነበር።

ያን በጋና በልግ አባቴ ወንዙ ተኝቶ በሚጠልቅበት፣ እኛ ባሕር በምንለው ኩሬ ላይ ሲለማመድ ከረመ። እኔ ፊት እቀመጣለሁ፣ እሱ ከኋላ ይነዳል። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ያ ጊዜ ነው። ገመዱን ስቦ ሞተሩ እምቢ ሲለው፣ «በሚካኤል!» ይለዋል፤ ሲነሳለት ደግሞ ሰው ያየው እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ ያያል። የሾላው ጥላ ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የቤንዚኑ ሽታ ከእርጥብ ሣሩ ጋር ይቀላቀላል። ከአባቴ ጋር ያን ያህል ረጅም ጊዜ አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ደረሰ። ማኅበሩ በእኛ በኩል ነው፤ ጽዋውን ተረክቦ የሚወስደው ተረኛ ደግሞ አያ ናቸው። ማለዳ፣ ወንዙ የሌሊቱን ጉልበት ከጣለ በኋላ፣ የማዶዎቹን ሽማግሌዎች ለማምጣት ተሻገርን። ጀልባዋ አፍንጫዋን ዳሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። የሚገባባት በፊቷ በኩል ብቻ ነው። ሰዎቹ እንደ ቤት በር ቆጠሩት። ከበሩ የራቀው ደግሞ የክብር ቦታ ነው።

መጀመሪያ የማኅበሩ መሪ፣ በማዕረጋቸው ሙሴ የሚባሉት ትልቅ ሰው ገቡ።

«ከፍ ይበሉ፣ ሙሴ!»

«የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል።»

«በሞቴ፣ ከፍ ይበሉ!»

ከፍ አሉ፤ አባቴ አጠገብ፣ ሞተሩ ሥር ተቀመጡ። የሚቀጥሉትም በዕድሜያቸው ተራ «ከፍ ይበሉ» እየተባባሉ ተጠጓቸው። የፊተኛው መቀመጫ ባዶ ቀረ፤ በር አጠገብ ማን ይቀመጣል? አያ እንኳ ከበታቾቻቸው ጋር ተገፋፍተው መሐል ገቡ። ከዳሩ እንደተላቀቅን የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሳ፤ በኋላዋ በኩል ውሃው እየተንደቀደቀ ገባ። ጩኸት ሆነ። አባቴ ቶሎ ብሎ መለሳት። የሰጠመ የለም፤ ግን የሙሴው አዲስ ኩታ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተሻገሩ፤ ማኅበሩም ዘገየ።

«ጀልባህ ሽማግሌ አትወድም» አሉ አያ ኩታቸውን እየጨመቁ። አልሳቁም።

አባቴን ወደ ጎን ጠርቼ፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ መመጣጠን እንዳለበት መመሪያው ላይ መጻፉን ነገርኩት።

«አውቃለሁ ልጄ» አለኝ። «ግን ሙሴውን ‹ወደ በር ይውረዱ› የሚላቸው ማነው? አንቺ ትያቸዋለሽ?»

እኔም አልላቸውም። ከመስጠም ይልቅ ያ ይከብደኝ ነበር።

ማኅበሩ ተጠጣ፣ ቄሱ ባረኩ። ደጋው ላይ ደመና መጥቆር ጀምሯል፤ ሁለት ሁለት እያሉ ለመመላለስ ጊዜ የለም፤ ዝናቡ ሳይመጣ ጽዋው ካልተሻገረ እንደ ወትሮው ተራው ይዘለላል፣ የአያም ቃል ይጸናል። አያ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው አቅፈው ወደ ወንዙ ወረዱ። ቄሱ፣ ሙሴውና ሌላ አንድ ሽማግሌ ተከተሏቸው። ሙሴው ጀልባዋ ውስጥ ገቡና እንደ ጠዋቱ ወደ ኋላ አለፉ። ቄሱም ከጎናቸው ተቀመጡ። ሽማግሌውም ተጠጉ። አባቴ የሞተሩን ገመድ ይዞ አንድ ጊዜ ሰዎቹን፣ አንድ ጊዜ ደመናውን ያያል።

ጽዋ የያዘ ሰው ከሁሉ በላይ ነው የሚቀመጠው። ሁሉም ለአያ ቦታ ለመልቀቅ ተጨናነቁ።

«ከፍ በል እንጂ፣ ጽዋ ይዘህ ምን ታስባለህ?» አሉ ሙሴው።

አያ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመው አባቴን አዩት። አባቴም አያቸው። ከዚያ አያ እዚያው፣ በሩ ላይ፣ በፊተኛው መቀመጫ ቁጭ አሉና ጽዋውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ሚካኤል እዚህ ተቀምጧል» አሉ። «ራስጌው እዚህ ነው። ከፍ ይበሉ፣ አባ!»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ፊት መጡ። ቄሱ ከሄዱ ሙሴው ምን ይጠብቃሉ? እሳቸውም ተነሡ። ሽማግሌውም ተከተሉ። አሁን ደግሞ የጀልባዋ አፍንጫ ውሃ ሊጠጣ ሆነ።

«ኧረ ሁላችሁም አይደለም!» ጮኸ አባቴ። «ከጽዋው ቀጥሎ ያለው መሐል ላይ ነው!»

«ራስጌ ነው ብላችሁ ጠርታችሁን ደግሞ ታወርዱናላችሁ?» አሉ ሙሴው፤ ግን እየሳቁ መሐል ተቀመጡ። ጀልባዋ ተስተካከለች። ሞተሩ በመጀመሪያው ስበት ተነሣ። እኔ ዳር ቀርቼ አየኋቸው፤ አባቴ የጀልባዋን ፊት ወደ ላይኛው ውሃ አዘንብሎ ወንዙን ሰያፍ ቆረጠው። ማዶው ዳር ላይ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጽዋው ነበር። የአያ ባለቤት እልልታ ወንዙን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። በክረምት ጽዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዶ ያደረው ያን ሌሊት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የተለየ ጽዋ የሚል ቃል ከአያ አፍ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶች ጀልባዋ ብዙ ሰው አሻገረች፤ ነፍሰ ጡር፣ ተማሪ፣ ዘር፣ አንድ ጊዜም በግ ታቅፎ የሚያለቅስ ልጅ። እንግዳ ሰው ሽማግሌዎቹ ለምን ፊት ፊት እንደሚጣደፉ አይገባውም ነበር። እኔ ከፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ስመለስ ሞተሩን ከሩቅ እሰማና አባቴ የት እንደደረሰ በድምፁ አውቅ ነበር።

ኋላ መንደራችን ላይ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። ቄሱ መወዛወዙን ስላልወደዱት ጀልባዋ አንድ ክረምት ጨምራ ሠራች። ከዚያ እሳቸውም ለመዱት። በመጨረሻው ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ በድልድዩ ሲያልፍ አባቴና አያ ብቻ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ሁለቱም ፊተኛው መቀመጫ ላይ ልቀመጥ ብለው ተከራከሩ።

«ማን ይነዳል ታዲያ?» አልኳቸው።

«አንቺ» አሉ አያ።

አሻገርኳቸው። ወንዙ ጎድሎ፣ ውሃው ጠርቶ ድንጋዩ ይታይ ነበር። ማዶ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁትና ሦስታችንም ሳንወርድ ትንሽ ቆየን። ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።