በግድግዳው ማዶ የምትስቅ ልጅ

ማርላ ኒሚ በሰው ቀንታ አታውቅም ነበር። ጎረቤቷ አዲስ ጀልባ ገዝቶ ደጇ ላይ ሲያቆመው «ይመችህ!» ያለች፣ እህቷ ፍሎሪዳ ገብታ በታኅሣሥ ወር በቁምጣ የተነሳችውን ፎቶ ስትልክላት ስቃ አካፋዋን ያነሳችና በረዶዋን መዛቅ የቀጠለች ሴት ናት። ቅናት የሚባለው ነገር የያዛት በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። እንደ ኩፍኝ መሆን አለበት፤ በትልቅነት ሲይዝ ይብሳል።

የያዛት ደግሞ ሥራ ቦታዋ ነው። ማርላ ሐይቁ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ተማሪዎች አማካሪ ናት። «ቢዝነስ ነው የምማረው» ብሎ የመጣ ሁሉ ዲፓርትመንቱ አይገባም፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ደጅ ይጠናል። ካልኩለስ፣ ስታትስቲክስ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፤ ከሲ በታች ያመጣ ይደግማል፣ አማካይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ ሰባት አምስት ዝቅ ያለ በሩ አይከፈትለትም። በዚያ በር ላይ ቆማ አንዱን «ይቺን ድገም»፣ ሌላውን «ያቺን ጣላት»፣ ሦስተኛዋን ደግሞ «አንቺ መጀመሪያ ሄደሽ ተኚ» የምትለው ማርላ ናት። ተማሪዎቿ ይወዷታል። ተመርቀው ሄደው እንኳ የልጆቻቸውን ፎቶ ይልኩላታል።

ከእሷ ቢሮ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ሮክሳን ፔልኪ ነበረች። ሮክሳን ገና ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ከፀጉሯ አንዷን ዘለላ ሰማያዊ የቀባች፣ ቢሮ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ በሱፍ ካልሲ የምትንሸራተት አማካሪ ናት። ተማሪዎቹን የሚካፈሉት በአባት ስም ነው፤ ከኤ እስከ ኤል የሮክሳን፣ ከኤም እስከ ዜድ የማርላ። ዓመታት በዚህ ሲሄድ ማንም ከማንም ተጣልቶ አያውቅም።

ታዲያ በዚያ መስከረም የሁለተኛ ዓመቶቹ አዲስ ዝርዝር ሲመጣ ከማርላ ተማሪዎች መካከል «ኒሚ፣ ዊላ» የሚል ስም ተገኘ። ዊላ የማርላ አንድያ ልጅ ናት። ማርላ ስሙን አይታ ፈገግ እንዳለች ፈገግታው ፊቷ ላይ ሳይደርቅ አለቃዋ ብቅ አለ። ሥጋ ዘመድ ማማከር በደንቡ ክልክል ነው። ዊላ ወደ ሮክሳን ተዛወረች። ማርላም «እንዴታ! ትክክል ነው» አለች፤ እውነቷንም ነበር። ያን ቀን ገና አልያዛትም።

የያዛት ዊላ ከመጀመሪያው ቀጠሮዋ ስትወጣ ነው። ልጅቷ ጉንጯ ቀልቶ፣ ትከሻዋ ወርዶ፣ ከሳውና የወጣች መስላ ነበር። እናቷን ኮሪደሩ ላይ ስታይ ትከሻው ተመልሶ ወጣ።

«እንዴት ነበር?» አለች ማርላ።

«አሪፍ ነበር።»

«ምን ተባባላችሁ?»

«ብዙ ነገር» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ማርላ ወዲያው የሮክሳን በር ላይ ተለጠፈች። «እህሳ? ልጄ እንዴት ናት?»

«ማርላዬ፣ ልጅሽ እኮ ጉድ ናት! በሳቅ ገደለችኝ።»

«ምን ብላ?»

«እሱንማ አልነግርሽም። ታውቂ የለ እንዴ?»

«እናቷ እኮ ነኝ!»

«እሱ ነዋ ችግሩ!» አለች ሮክሳን እየሳቀች፣ በካልሲዋ ተንሸራታ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ማርላ የተማሪ ምስጢር አይወጣም የሚለውን ሕግ ከሮክሳን በላይ ታውቀዋለች። ሮክሳንን ያሠለጠነቻት እሷ ናት። ስልክ ደውሎ «ልጄ ስታትስቲክሱን አለፈ ወይ?» ያላትን ወላጅ ሁሉ፣ በዚያ ማር በሚንጠባጠብበት ድምፅዋ፣ «ልጅዎ አዋቂ ሰው ነው፣ እሱን ይጠይቁት» ብላ ሸኝታለች። አሁን ራሷ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ተገኘች። ደግሞ እሱን ጠይቁት ማለት ቀላል ነው፤ ጠይቃ አይታዋለች!

«ካልኩለስ እንዴት ነው?» አለቻት አንድ እሑድ ማታ፣ ፓስቲውን፣ ያን ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ሊጥ፣ ከምድጃ አውጥታ የዊላን ድርሻ ሳህኗ ላይ እያደረገች።

«ደህና ነው።»

«ደህና ማለት ቢ ነው፣ ሲ ነው?»

«እማ፣ ደህና ማለት ደህና ነው።»

«አማካሪሽ ምን አለችሽ?»

«ደህና ነው አለች።»

«ባለፈው ፈተና ስንት አመጣሽ?»

«ሲ ፕላስ።»

«ሲ ፕላስ? ዊላ፣ ሲ ፕላስ ውጤት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው!»

ባሏ ዌይን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው፤ ምግብ ላይ ሲቀመጥ ከካቻፕ በስተቀር የሚፈልገው ነገር የለም። «ሴትዮ፣ እስቲ ልጅቷ ጉርሻዋን ትዋጥ» አለ። ዊላም ጉርሻዋን ዋጠችና ክፍሏ ገባች።

በዚያ ላይ ያ ሳቅ አለ። ዊላ ቀጠሮ በያዘች ቁጥር ግድግዳው ይስቃል። ማርላ ከፊቷ የተቀመጠው ተማሪ የሚላትን እያዳመጠች አንዱ ጆሮዋ ግድግዳው ላይ ነው። ቃል ግን አይሰማም። በየአማካሪው በር ሥር አንዲት የሾርባ ሳህን የምታክል ማሽን ትቀመጣለች፤ የውስጡ ወሬ እንዳይወጣ ቀኑን ሙሉ «ሽሽሽ» ትላለች። ማርላ ያቺን ማሽን ጠላቻት። ማሽኖቹ እንዲገዙ አለቃውን የጨቀጨቀችው ራሷ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የለየለት። ዊላ ውስጥ ናት፣ ግድግዳው ይስቃል፣ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ማርላ የሮክሳን በር ሥር፣ ማሽኗ አጠገብ፣ የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ አለች። ጫማው ክር የለውም። ሶኬቱን ነቀለችው።

«ሽሽሽ» ቀጥ ሲል የልጇ ድምፅ ወጣ። የልጇ ድምፅ ግን የራሷ የማርላ ድምፅ ነበር፤ ያቺ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የምትጎተት፣ የተቆጣች፣ ዶሮ መሳይ። «ሲ ፕላስ? ዊላ፣ ሲ ፕላስ ውጤት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው!»

ሮክሳን እንደ ጀበና ተንፈቀፈቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና ዊላ በራሷ ድምፅ፣ ዝግ ብላ፣ «እውነቴን ነው፣ እዚህ ስገባ ነው የምተነፍሰው» አለች።

ማርላ ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። መቀለዱን ትችለዋለች፤ ቀልድ ነው፤ ደግሞ ልጅቷ እንዴት አስመስላ ነው የምትናገረው! «የምተነፍሰው» የሚለውን ግን የት አባቷ ታድርገው? ያቺን ልጅ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ ጡት አጥብታ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት አስተምራ፣ እሷ ጋ ሳይሆን ሰማያዊ ፀጉር ካላት ሴት ጋ ሄዳ ትተንፍስ? ለሳምንት ያህል ሮክሳንን ሰላም ያለቻት በቅንድቧ ብቻ ነበር።

«ዌይን፣ እኔ ከባድ ሰው ነኝ?» አለችው ባሏን።

ዌይን የአየር ትንበያውን እያየ ነበር። ዓይኑን ሳይነቅል «ለማን?» አላት።

ከዚህ በኋላ ያ ሐሙስ መጣ። ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው የገለጻ ቀን ነበር። ማመልከት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ አንዴ ገለጻ ላይ መገኘት አለበት፤ ያልተገኘ ቢሞላለትም አይገባም። ተራው የሮክሳን ነበር። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ከሐይቁ የመጣው በረዶ መንገዱን ዘጋውና ሮክሳን ከቤቷ መውጣት አቃታት። ሮክሳን በበረዶ ተቀብራ ስትቀር ማርላ ደስ አላት ማለት ነውር ነው። ደስ አላት።

አዳራሹ ሞላ። ማርላ ማይክሮፎኑን ስታስተካክል ዊላ በበሩ ገባች፣ እናቷን አየች፣ እግሯን ወደ ኋላ መለስ አደረገች። ግን ስሟ ተመዝግቧል፤ መውጫ የላትም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

ማርላ ስለ ትምህርቶቹ ተናገረች፣ ስለ ውጤቱ ተናገረች፣ ማመልከቻውን በመጨረሻዋ ሰዓት ስለሚልኩ ጀግኖችና ስለሚደርስባቸው ነገር ተናገረች። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ረጅም ጎረምሳ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ወይዘሮ ኒሚ፣ ሲ ማይነስ የሲ ዘመድ አይደለም እንዴ?»

«ዘመድ ነው። እኛ ግን ዘመድ አናስገባም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዊላ ብቻ አልሳቀችም። እናቷን አፍጥጣ ታያታለች፤ ሰው በማያውቀው ከተማ የገዛ ቤቱን ቆሞ ቢያገኝ እንደዚያ ነው የሚያየው። ከዚያ እጇን አወጣች።

«ስምሽ?» አለች ማርላ፣ ልማድ ነው።

«ዊላ። ጥያቄ አለኝ ወይዘሮ ኒሚ።» ያቺ «ወይዘሮ» እንደ መርፌ ገባች። «ሁሉን ያሟላ ሰው፣ ማለት ካልኩለሱን እንደምንም ወደ ቢ ያወጣው፣ ውጤቱም የሚበቃው… ግን መግባት የማይፈልግ ሰው ቢኖር፣ ምን ይመክሩታል?»

የማርላ የእናትነት አፏ ተከፍቶ ነበር። «ምን ማለትሽ ነው!» ሊል ነበር። ነገር ግን አዳራሽ ሙሉ ዓይን እያያት ነው። ስለዚህ ያን አፏን ዘጋችውና ሌላኛው አፏ፣ የቢሮው፣ ተከፈተ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ማንም ሳያይህ፣ ምን ስትሠራ ብትውል ደስ ይልሃል? እለዋለሁ።»

«ውጭ» አለች ዊላ፤ መልሱ አፏ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ይመስል። «ከፍ ያለ ቦታ። ወገቤ ላይ ቀበቶ ታጥቄ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ።»

አንዱ አፏጨ። ማርላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና በማዕበሉ መብራት የጠፋ ጊዜ። ሠራተኞቹ በዚያ ነፋስ ምሰሶው ላይ ወጥተው ሽቦውን ሲቀጥሉ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።»

ማርላ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። በመስኮት «ግቢ! ትታመሚያለሽ!» ብላ የጮኸችባት ቀን ነው።

«የመብራት መስመር ሥራ ትምህርት እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ» አለች ማርላ። «ለመግባት ምን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ?»

«የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ የጤና ምርመራ፣ ከፍታ አለመፍራት።»

«ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም።»

«እንግዲያው ቢዝነስ አታመልክቺ።» ማርላ ድምፅዋን ሰማችው፤ ያ ማር የሚንጠባጠብበት ነበር። «መግባት የሚችል ሁሉ መግባት አለበት ያለ የለም። የሚቀጥለው?»

የሚቀጥለውን አልሰማችውም። እንዴት እንደመለሰችለትም አታውቅም። ልጆቹ ኮታቸውን እየደራረቡ ሲወጡ ዊላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ማርላ ሄዳ አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች።

«ለሮክሳን ነግረሻታል?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ ቀን።»

ማርላ ቅጥል አለች። ምሰሶው አልነበረም ያቃጠላት፤ ምሰሶው ገና ነገ ነው የሚያስፈራት። ያቃጠላት «መጀመሪያ ቀን» ነው።

«ተቆጣሽ?» አለች ዊላ።

«አልተቆጣሁም። ቀንቻለሁ።»

«በማን?»

«በዚያች ባለ ካልሲዋ! ከመስከረም ጀምሮ ስንገበገብ ነው የከረምኩት። ሶኬት ነቅያለሁ ዊላ። አድምጫችኋለሁ። ደግሞ እኔ እንደዚያ ነው የማወራው?»

ዊላ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ፊቷ ቀላ። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለች። ደግሞም፣ «እኔ ግን ከአንቺ እቀድማለሁ። እኔ የቀናሁት ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ነው።»

«በማን?»

«በእነሱ ነዋ!» ወደ በሩ ጠቆመች። «በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢሮሽ ትወስጂኝ አልነበር? ጠረጴዛሽ ሥር ቁጭ ብዬ ሥዕል ስቀባ አንዱ ግንድ የሚያክል ጎረምሳ ገብቶ ያለቅሳል። ወንበርሽን ጎትተሽ ትጠጊውና ‹አይዞህ፣ ጊዜ አለን› ትይዋለሽ። እኔን ቤት ‹ቶሎ በይ ዊላ፣ ጫማሽ የታለ ዊላ›። እማ፣ እኔ እኮ አንቺ ጋ ቀጠሮ ይዤ ማልቀስ ነበር የሚያምረኝ። ዛሬ እጄን ሳወጣ ምን እንደምትይ ለማየት ነው። ለእነሱ የምታወራዋን ሴትዮ ነበር የፈለግኳት።»

ማርላ እጇን ልካ የልጇን የካፖርት ቁልፍ ያዘች፤ ፈታችው፣ መልሳ ቆለፈችው።

በዚህ መሃል ያ ረጅሙ ጎረምሳ፣ የሲ ማይነሱ፣ በበሩ አንገቱን አስገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ወይዘሮ ኒሚ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ… ቅድም የቀለድኩት እኮ የኔው ነው። አካውንቲንጌ ሲ ማይነስ ነው። ምን ልሁን?»

የማርላ መቀመጫ ከወንበሩ ተነሳ። ምን ታድርግ፣ ሰውነቷ ለምዷል። «አይዞህ» የሚለውም አፏ ላይ ደርሷል። ዊላ ሻርፗን አንገቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

ማርላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ነገ ጠዋት ሮክሳን ፔልኪ ጋ ሂድ።»

«የኔ ስም እኮ ስታንጋርድ ነው፣ እርስዎ ጋ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እኔ ልኬህ ነው በላት። እሷ…» ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ዋጥ አደረገችው፤ አልወርድ አለ፤ ተፋችው። «እሷ ጎበዝ ናት። ያንተ ነገር ይስተካከላል፤ ከእኔ የተሻለ ትነግርሃለች። አሁን ከልጄ ጋር ነኝ።»

ጎረምሳው አፍንጫውን ጠርጎ ሄደ። ዊላ ሻርፑን መጠቅለል አቁማ እናቷን ታያታለች።

«አመመሽ አይደል?» አለች።

«ጥርስ ማስነቀል ይሻላል» አለች ማርላ፣ ወንበሯን ጎትታ ተጠጋቻት። «ስንት ሜትር ነው?»

«ምኑ?»

«ምሰሶው።»

«አትጠይቂ እማ።»

«እሺ አልጠይቅም።» የሻርፗን ጫፍ አስተካከለችላት። «ግን ከቤታችን ጣራ ይበልጣል?»