ፊሽካ ሲነፋ ማንም ያልወጣበት ፀጉር ቤት

ምክንያቱን ያላወቅሁት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። እህቴ ይህን ጠባዬን «ልክፍት» ትለው ነበር። በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት ነበረን። ነበረን ልበል እንጂ ሙያው የእህቴ ነው፤ እኔ ታናሽ እህቷ ውሃ እቀዳለሁ፣ ፀጉር አጥባለሁ፣ በቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ በተረፈው ጊዜ እጠይቃለሁ። እህቴ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድግ ነበር። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ክፍል ነው፤ ክፍሏ ደግሞ የቀበሌ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሱቅ ሲቃጠል ነው። የላምባ ምድጃ ተገለበጠ አሉ። ሰው አልተጎዳም፤ ወሬው ግን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ሰፈር ሙሉ አቃጥሎ ነበር። ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። እያንዳንዱ የንግድ ቤት አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ እንዲያስቀምጥ፣ ፊሽካ ሲነፋም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ መንገድ ላይ እንዲሰለፍ ታዘዘ። ልምምዱን የሚመራው የቀበሌው ሰው ፊሽካውን ከደረቱ የማይለይ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቀስር ጎልማሳ ነበር። «ያልተዘጋጀ ቤት ይታሸጋል!» አለና ተቀመጠ።

እህቴን በዝግጅት ማንም አይቀድማትም። ፀጉር የምትተኩስበት የብረት ማበጠሪያ ቀኑን ሙሉ ከላምባ ምድጃ ላይ አይወርድም፤ ስለዚህ እሳትን ከቀበሌው ሰው ይልቅ ታውቀዋለች። አሸዋውን ከቦርከና ወንዝ ዳር አስመጣችና ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። የጎረቤት ድመት ወዲያው መጸዳጃ አደረገችው። ባልዲውን በቆርቆሮ ከደንነው፤ ድመቷ ሌላ ቦታ እስክትለምድ ድረስ ቆርቆሮው ላይ እየተቀመጠች በኩርፊያ ታየን ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ በገበያ ቀን ዋለ። እኔ ቦኖ ወረፋ ይዤ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ፊሽካው ተነፋ። «እሳት! እሳት!» ይላል የቀበሌው ሰው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። ከሻይ ቤት የወጡት ብርጭቋቸውን አልለቀቁም። የእኛ በር ግን ከውስጥ ጓ ብሎ ተቀረቀረ።

ባልዲዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሰፈሩ ወንዶች ውሃና አሸዋ ተሸክመው ወደ በሩ ሮጡ። የቀበሌው ሰው በቡጢ ደበደበው። ከውስጥ ብዙ ሴቶች ባንድ ድምፅ «ወንድ እንዳይገባ!» ብለው ጮኹ። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እሳቱ የእውነት ቢሆን ተቃጥላችሁ ነበር!» አለ። «የሚመጣው ሰኞ እደግመዋለሁ። ያን ቀን ሰው ካልወጣ ቤቱን አሽጋለሁ፣ ቁልፉንም ለቀበሌው አስረክባለሁ።»

እህቴ በሩን ከፍታ «እሺ ጓድ» አለችው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። በሩን ማን ቀረቀረው? ለምንስ? አንዷ ደንበኛ «እኔ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆኜ ምን ሰምቼ!» አለች። ሌላዋ «ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ነበር» አለች። እህቴም ማበጠሪያዋን እያገላበጠች «ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። ማን እንደቀረቀረው ማወቅ ቢያቅተኝ ለምን እንዳልወጡ ልጠይቅ ብዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጭንቅላት እያጠብኩ ጠየቅሁ። ፀጉሩ በሰው እጅ የገባ ሰው ብዙ አይዋሽም።

ከቢስቲማ ለገበያ ስትመጣ እኛ ጋ ፀጉሯን የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ባሏ ነጋዴ ነው። «ወላሂ፣ ፀጉሬን ለባዳ ወንድ አሳይቼ ከምተርፍ ባልተርፍ ይሻለኛል» አለችኝ። ዘወር ብላ ደግሞ «እሳቱ አይስማኝ፣ አላህ ይጠብቀን» ብላ ሳቀች። አንዲት የቄስ ባለቤት ነበሩ፤ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባ ወደ ገራዶ ክርስትና ሊያነሱ ሄደዋል፤ እኔም ገበያ ነኝ ብያለሁ። መንገድ ላይ በቢጎዲን ብሰለፍ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ አስተማሪ ናት፤ ያን ዕለት ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሶ ተኝቶ፣ ግማሹ ቆሞ ነበር። «ተማሪዎቼ በዚያ መልክ ቢያዩኝ ከዚያ በኋላ ማን ይፈራኛል?»

«ሻሽና ነጠላችሁን አድርጋችሁ አትወጡም ነበር?» አልኳቸው።

«የት አግኝተነው!» አሉኝ ሁሉም።

ይህን ስሰማ ነው የነቃሁት። ላምባውና የሚቃጠለው ቅባት ልብስ ላይ ስለሚሸት፣ ደንበኞቻችን ገና ሲገቡ ሻሽና ነጠላቸውን ተቀብለን ጓዳ ውስጥ እናስቀምጥላቸዋለን። እህቴ ይህን እንደ ጨዋነት ታየው ነበር፤ ጨዋነትም ነው። የጓዳው መንገድ ግን በምድጃው በኩል ነው። እሳት ቢነሳ ሴቶቹ ራሳቸውን የሚሸፍኑበት ጨርቅ ከእሳቱ ማዶ ይቀራል። ውሃና አሸዋ አዘጋጅተን ይህን አላሰብንም። ነገሩ እስኪያስቀኝ ድረስ ገረመኝ፣ ከዚያ ደነገጥኩ።

ያንኑ ዕለት በበሩ ጎን ሚስማር ደርድሬ መታሁ። ሻሹም ነጠላውም እዚያ ተሰቀለ፤ ቢሸት ይሽተት። እህቴ ግን አሁንም ፊቷ አልፈታም። «ተሸፍነውም ቢሆን ገበያተኛው ፊት አሰልፎ ሊያስቃቸው ነው» አለች። ከምድጃው ራቅ ያለው የክፍላችን የኋላ በር ወደ አንዲት ትንሽ ጓሮ ይወጣል፤ ከጓሮው ማዶ በቆርቆሮ አጥር የተለየ የአንዲት አሮጊት ግቢ አለ። ፊሽካ ሲነፋ ሴቶቹን ወደ ግቢያቸው እንዲያስገቡልን ልለምናቸው ሄድኩ።

«ሴት ከሆነ ይግባ» አሉኝ። «አብሽሪ፣ አንዱን ቆርቆሮ ንቀይው። ወንዱ ግን በደጅ ይዙር።»

ሰኞ ደረሰ። እህቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ልጆቿን ዘመድ ቤት ሰደደቻቸው፤ ሲታሸግ እንዳያዩ መሆኑ ገብቶኛል። ካስኩ ሥር ሰው አለ፣ መታጠቢያው ላይ ሰው አለ፣ የቢስቲማዋ ሴት ግማሽ ተተኩሳለች። ፊሽካው ተነፋ። እህቴ ምድጃውን አጠፋች። እኔ ከሚስማሩ እያነሳሁ አቀበልኩ። የቄሱ ባለቤት ከነቢጎዲናቸው ስለተከናነቡ ራሳቸው የዱባ ያህል ሆኖ ነበር። በሳቅ እየታፈንን በኋላ በር ወጥተን፣ ጓሮውን አቋርጠን፣ በተነቀለው ቆርቆሮ ሾለክን።

የቀበሌው ሰው፣ በኋላ ልብስ ሰፊው እንደነገረኝ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል። አንድም ሰው አልወጣም። ማሸጊያውን ከኪሱ አውጥቶ በሩን ገፋው፣ ተከፈተ። ክፍሉ ባዶ ነው። ጥያቄው በተራው እሱን ያዘው መሰለኝ፤ ዞሮ ዞሮ የአሮጊቷ ግቢ በር ላይ ደረሰ።

«ቁም! ሴቶች አሉ» አሉት አሮጊቷ።

«እማማ፣ ትእዛዙ መንገድ ላይ ተሰለፉ ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ከእሳት የሚሸሸው ለመትረፍ ነው ለመሰለፍ?»

«ሁሉም ወጥተዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ወጥተዋል አልኩህ፤ ወላሂ።»

መሐላቸውን አልፎ ሊገባ አልደፈረም። ማሸጊያውን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ። እህቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሴቶቹም ተከናንበው ከበቧት።

ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሉን ስንጠርግ ልክፍቴ ተነሳብኝ። «አሁንስ ንገሪኝ እትዬ፣ ያን ቀን በሩን የቀረቀረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

መጥረጊያውን ለቀቅሁት። «አንቺ? ልጆችሽ የሚበሉበት ቤት እንደሚታሸግ እያወቅሽ?»

«ቤቱን ቢያሽገው ሌላ ቤት ደጅ እጠናለሁ። እነዚህ ሴቶች ባላቸውና እናታቸው ብቻ የሚያውቁትን ራሳቸውን ነው እኔ ፊት የሚገልጡት። ወንድ ባስገባባቸው ከእንግዲህ የማን ፊት አያለሁ?»

«እሳቱ የእውነት ቢሆንስ ኖሮ?»

ቢጎዲኖቹን ከጠረጴዛው ላይ መልቀም ጀመረች።

«የእውነት ቢሆንማ» አለች፣ «እኔስ የት እሄድ ነበር? አብሬያቸው ነበርኩ።»

ተናደድኩ፤ ሁለቱ ልጆች ዓይኔ ላይ መጡብኝ። መዶሻ ፈልጌ መቀርቀሪያውን ከነሚስማሩ ከበሩ ነቀልኩት። እህቴ ቆማ እስክጨርስ አየችኝ፤ ተይ አላለችኝም።