ከክርን በላይ ቡና የለም

ያሳሰረኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። በዚያ ዘመን ዲላ ውስጥ እንደኔ አሳምሮ የሚጽፍ አልነበረም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የፖሊስ የመቶ አለቃውም ያለው ይህንኑ ነው። ከምሠራበት ሱቅ አስጠርቶኝ ሄድኩ። ጢሰኞች በባለ ርስቱ ላይ ያቀረቡት አቤቱታ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። አንዱን ወረቀት ከፍ አደረገና፣ «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«በአውራጃው ሌላ ማን እንዲህ ይጽፋል?» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ምስክር አላስፈለገም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ስጠቀልል ከመጠቅለያው ጋዜጣ ላይ ነው። ኋላም አንድ አስተማሪ የጣለውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑና የፊተኞቹ ገጾች ተገንጥለዋል። የተረፈውን በቃሌ ያዝኩት። በረሃውን፣ ጫካውን፣ በረዶውን፣ በየትኛው አየር ምን እንደሚበቅልና ምን እንደሚኖር ከአስተማሪው ይበልጥ አውቅ ነበር። እሱ ጥሎታል፣ እኔ ግን አንብቤዋለሁ።

የታሰርኩበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። እስከ ቀትር ቆርቆሮው ይግላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመታው መነጋገር አይቻልም። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። መስኮቷ አንድ የዋንዛ ቅርንጫፍ ታሳያለች።

ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ዕድሜው አባቴን ያክላል። በዚያ ሙቀት ከባድ የበግ ጠጉር ባና ደርቦ ላቡ ይንጠባጠባል። ሳይነግረኝ ከደጋ እንደመጣ አወቅሁ።

«ያውልቁት እንጂ አባባ፣ ይሞቃል» አልኩት።

«ባወልቅ ማን ይጠብቃል? ታች አገር ሰው ይሰርቃል ይላሉ» አለና ወደኔ አየ። «አንተ ምን ሰርቀህ ነው?»

ምንም እንዳልሰረቅሁ፣ ጸሐፊ እንደሆንኩ ነገርኩት። ፈገግ አለ። ወደ ቡሌ በሚወስደው ዳገት ጫፍ ላይ የሚያርስ ጢሰኛ ነው። አንዱን አቤቱታ እኔ ጽፌለት ጣቱን አኑሮበታል። ፊቴን ረስቶት ነበር፤ እኔም የሱን። እዚያ ክፍል የገባው በኔ ወረቀት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የመቶ አለቃው ጠራኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው፤ ከመኪናው መንገድ ወጥቶ አያውቅም።

«ጸሐፊዬ አባያ ዳር ሄዶ ወባ ይዞ ተመለሰ» አለ። «የዚህን ሰውዬ የእምነት ቃል አንተ ጻፍልኝ። እንደ ክሱ አድርገህ። እሱ ጣቱን ያኖራል፣ አንተ ነገ ሱቅህ ትገባለህ።»

ወረቀትና ብዕር ይዤ ተመለስኩ። ክሱን ለሰውየው አነበብኩለት። በዳገቱ ጫፍ ባለው የባለ ርስቱ መሬት ላይ የተተከለውን አርባ እግር ቡና ቆርጦ ጥሏል ይላል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባለ ርስቱ ታች የቡና መሬት፣ ላይ የገብስ መሬት ነበረው። ወኪሉ አቤቱታ ያቀረቡትን የታች ጢሰኞች ሁሉ በዚሁ ቃል ከሷል። የላዩ ሰው ተራ ሲደርስ ስሙንና ቦታውን ብቻ ለውጦ ያንኑ ገልብጧል።

ሰውየው ቀስ ብሎ ሳቀ። «ቡና? እኛ ጋ?»

ቀኝ እጁን ዘረጋና በግራ ጣቱ እያመለከተ ያሳየኝ ጀመር። የጣቶቹ ጫፍ አባያ ሐይቅ ነው፤ ግራር፣ ሣር፣ ዝንብ፣ ከብት። የእጁ አንጓ ዲላ ነው። ከአንጓው ወደ ላይ ያለው የቡና አገር ነው፤ ዋንዛና ብርብራ ያጠሉታል፣ እንሰት በመካከሉ ይቆማል፣ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል። ክርኑ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።

«ቡናው እዚህ ደከመው» አለ። «ከዚህ በላይ ውርጭ አለ። እንሰት ብቻ ከኛ ጋር ይወጣል፣ እሱም እየዘገየ። ታች የተከለ ሰው ራሱ ይበላል። እኛ ጋ የተከለ፣ ልጁ ይበላል።»

ትከሻው ላይ ቀርከሃ፣ ገብስና ኮሶ ነበሩ። አንገቱ ላይ «ጉም» አለና እጁን አወረደ።

እኔም አላስቀረሁበትም። ከፍታ ሲጨምር ሙቀት እንደሚቀንስ፣ ዕፅዋትና እንስሳትም በዚያው ልክ እንደሚለወጡ መጽሐፉ የሚለውን በቃሌ አነበነብኩለት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አለ።

በሩ ላይ የቆመው ዘብ የመንዝ ሰው ነው። እስካሁን ቆሎውን ይቆረጥም ነበር።

«አንተ፣ ኮሶ አልክ? በዚህ አገር ኮሶ አለ?»

«አለ ጌታው።»

«ውርጩስ መቼ ይጥላል?»

«ሰማይ ጥርት ያለ እንደሆነ። ማለዳ ስትወጣ ገብሱ ነጭ ነው።»

«መንዝን አየኋት በለኛ!» ዘቡ በበሩ ፍርግርግ እጁን አስገብቶ የባናውን ጫፍ ዳበሰ። «ይሄም የኛው ባና ነው።»

ሁለቱ ሰዎች የተወለዱት የብዙ ቀን መንገድ ተራርቀው ነው። ብርዱ ግን አንድ ዓይነት እህል አስዘርቷቸው፣ አንድ ዓይነት ልብስ አልብሷቸዋል። መጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሩቅ አገሮች ተጽፎ ነበር። በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ በር ላይ ነው።

ሰውየው ወደ ወረቀቱ ዞረ። «ጣቴን ካደረግሁ እሄዳለሁ? ገብሱ ደርሷል።»

«ጣትዎን ካደረጉ መሬቱም ገብሱም የእነሱ ነው። እርስዎም ወህኒ ይወርዳሉ።»

 እኔ ብዕሬን አነሳሁ። እንደ ክሱ አልጻፍኩም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዚያ ዳገት ውርጭ ስለሚጥል ቡና አያፈራም፤ በመሬቱም ላይ አንድም እግር ቡና የለም።» እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጥ የምኮራበት ዓረፍተ ነገር ነው። አነበብኩለት።

«አንድ አለ» አለ።

«ምን አለ?»

«ከቤቱ ጀርባ፣ ጭስ የሚሞቀው ቦታ። እናቴ ናት የተከለችው። አይሞትም፣ አያፈራም። ቅጠሉን አፍልተን እንጠጣለን።»

«ይተዉት አባባ፤ ነገሩን ያበላሽብናል። ማንም አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ። የለም ብለህ ከጻፍክ ጣቴን አላደርግም።»

ለመንኩት። ተቆጣሁትም። ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ «አንድም እግር ቡና የለም» የሚለውን ሰርዤ፣ ፍሬ የማይሰጥ አንድ እግር ቡና ከቤቱ ጀርባ እንዳለ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስነበበኝና አውራ ጣቱን በቀለሙ ነክቶ ቀስ አድርጎ አሳረፈ።

ዘቡ ሁለታችንን ወደ ቢሮው ወሰደን፤ የመቶ አለቃው አነበበ። «የእምነት ቃል ብዬህ አልነበረም አንተ ነገረ ፈጅ?»

«ጌታዬ፣ ውርጭ አገር ቡና ተቆረጠ ብዬ ብጽፍ ያነበበ ዳኛ ሁሉ ይስቅብኛል። በኔ ጽሑፍ ተስቆ አያውቅም።»

«ነገ ሱቅህ እንደማትገባ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ወደ ሰውየው ዞረ። «ይህ አንድ እግር ምንድነው?»

«የኔ ነው» አለ ሰውየው።

ዘቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጌታዬ፣ አርባ እግር ተቆርጦ ከሆነ አርባ ጉቶ ይኖራል። ሰውየውን ይዤ ወጥቼ ልይ።»

የመቶ አለቃው በመስኮት ተመለከተ። ተራራው በጉም ተሸፍኗል። «ሂድ» አለ።

ዘቡ በአራተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ። ካፖርቱ ርሷል። «ጉቶ የለም ጌታዬ። አንዲት ቡና ከቤቱ ጀርባ ቆማለች። ሰውየውን ገብሱ ላይ ተውኩት።» የመቶ አለቃው ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስለ ሰውየው ዳግም አልተነሳም። እኔ የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ታስሬ ቆየሁ። ክፍሉ ለአንድ ሰው ሰፊ ነበር።

አምና በሞተር ሳይክል ተጭኜ እዚያ ዳገት ወጣሁ። በዕድሜዬ ሌላ ሰው አይሞክረውም። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ሴት ልጁ፣ እሷም ሸብታለች፣ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ቡናው ቆሟል፤ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ጎብጧል።

«መቼ ጀመረ?» አልኳት።

«ብርዱ ከሄደ ወዲህ ነው ጋሼ። አሁን ጎረቤት ሁሉ ቡና ይተክላል። ገብሱ ወደ ላይ ሸሸ።»

ቆሜ ያንን ዓረፍተ ነገር በልቤ ደገምኩት። ዛሬ ዳኛ ቢያነበው ይስቅብኝ ነበር። እሱ «አንድ አለ» ብሎ ካረመኝ በቀር የቀረው ሁሉ አርጅቷል።

አንድ ፍሬ ቀጥፋ ሰጠችኝ። ቅርፊቱን በጥርሴ ሰነጠቅሁት።

«ይጣፍጣል?» አለችኝ።

«ይጣፍጣል» አልኳት። ስለ መጽሐፌ አላነሳሁባትም።