አባቴን የመደብኩበት ዓይነት

ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሰው ባሕርይ ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ወስጄ ነበር። ክሬዲቱን ፈልጌ እንጂ ሰው ልረዳ አልነበረም። ከተማርነው ሁለት ነገር ገባኝ። ሰው ነፃነት ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ግን ብቸኝነቱ ያስፈራውና ይሸሻል፣ ወይ ለሌላው ይገዛል ወይ ሌላውን ይጫናል። ደግሞ ሰው ዓይነት ዓይነት አለው፦ ተቀባይ፣ ነጣቂ፣ ራሱን እንደ ሸቀጥ የሚያቀርብ፣ አከማቺ። መውደድና መሥራት የሚችለው ነው ጤነኛው። አሳይመንቱ አንድ የቅርብ ሰው መርጦ መመደብ ነበር።

እኔ ምን ገዶኝ፣ አባቴ አሉልኝ። ከአገር ቤት ስፖንሰር አድርጌ ካመጣኋቸው አራት ዓመታቸው ነው፤ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ አብረን እንኖራለን። የእርጎ ባዶ ዕቃ አይጥሉም። አጥበው ከነክዳኑ አልጋቸው ሥር ይደረድሩታል። «አባባ፣ ምን ሊያደርግልዎ ነው?» ስላቸው «ተዪው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» ይሉኛል። «አከማቺ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ ጥሩ ታዝበሻል አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤ መጣ፤ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የሲኒየሮች ቤት ወረፋቸው ደርሷል፣ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ላይ፣ አንድ ክፍል ከነኩሽናው። ኧረ ጉድ! አፕላይ ያደረጉት ከቸርች ጓደኛቸው ጋር ነው፤ ለእኔ ትንፍሽ አላሉም። «ልጅ እያለዎት ብቻዎን? ሰው ምን ይላል?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ቸርች ሊሄዱ ከረባታቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ለቤቱ ኢንተርቪው አብሬ ሄድኩ፤ መቼም የአበሻ አባት አስተርጓሚው ልጁ ነው። ሐኪም ዘንድም ባንክም ያሉትን እያሳመርኩ፣ ያላሉትን እየጨመርኩ ኖሬያለሁ። መንገዱ ተቆፍሮ አውቶቡሱ ሲንፏቀቅ አርፍደን ደረስን።

ሠራተኛው ብቻዎን መኖር ይፈልጋሉ ወይ አለ። ተረጎምኩላቸው።

«እንዴታ! የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ መግባት አምሮኛል» አሉ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሰውዬው በእንግሊዝኛ፣ «ከልጄ ጋር ብኖር ይሻለኛል፣ ብቻዬን እፈራለሁ ነው የሚሉት» አልኩት።

ሊጽፍ ሲል አባቴ እጃቸውን አነሱ። ለካ በየሳምንቱ «ከሰው ልጫወት» እያሉ ላይብረሪ የሚሄዱት ለጨዋታ ሳይሆን እንግሊዝኛ ሊማሩ ኖሯል። በዚያው በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ «እኔ ብቻዬን እኖራለሁ። የምትፈራው እሷ ናት» አሉት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነታቸውን ነው፣ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ከሄዱ እቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ሠራተኛው የእሳቸውን ቃል ጻፈ።

በወሩ ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ የእርጎ ዕቃዎቹ አዲሱ ኩሽና ውስጥ ተደርድረዋል፤ በርበሬ፣ ምስር፣ ጨው፣ ሁሉም ሙሉ። አራት ዓመት ሙሉ ቤት ሲያደራጁ ነው የኖሩት። ስወጣ በአንዱ ሽሮ ሞልተው ሰጡኝና «ዕቃውን ግን መልሺ» አሉ።

ሽሮው አልቋል። ዕቃውን አጥቤ ከነክዳኑ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።